ከሞያሌ ወዲያ ያለው ምድረ በዳ

የምሥራቅ አፍሪካን ካርታ በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የሚመለከት ሰው፣ ከኢትዮጵያ ደቡባዊ ወሰን በታች፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ የከተማ ስም የማይበዛበት፣ ዓመት ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የማይታይበት ሰፊ ሥፍራ ያገኛል። ካርታ ሠሪው የሚጽፈው ነገር አጥቶ ወረቀቱን ባዶ የተወው ይመስላል። ይህ ሥፍራ ማርሳቢት ይባላል። ኬንያ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት መሠረት ከ2013 ጀምሮ ሥራቸውን ከጀመሩት 47 ካውንቲዎች አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

የማርሳቢት ስፋት 70 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2019 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የተገኙት ነዋሪዎች ግን 459,785 ብቻ ነበሩ። ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ሰው ስድስት ያህል ነው ማለት ነው። እነዚህም ስድስቱ ቢሆኑ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚገኙ አይደሉም፤ ዛሬ እዚህ ቢሆኑ ከወር በኋላ ከብቶቻቸውን ተከትለው ሌላ ሥፍራ ይሆናሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው ይህን አገር «ባዶ ምድር» ይለዋል። እኛም ከመሄዳችን በፊት እንዲሁ እንል ነበር። ሄደን ካየነው በኋላ ግን የተናገርነውን ቃል መልሰን ለመዋጥ ተገደድን። ስለምን እንደ ተገደድን ለክቡራን አንባብያን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ወሰኑና መንገዱ

ጕዟችንን የጀመርነው ከሞያሌ ነው። ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት፤ አንደኛዋ በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛዋ በኬንያ ትገኛለች፤ በመካከላቸው ያለው የወሰን ኬላ ብቻ ነው። በወዲህኛውም በወዲያኛውም ገበያ የሚታየው ልብስና የሚሰማው ንግግር እጅግ ይመሳሰላል። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂው በሁለቱም ወገን ዘመድ አለው፤ ለሠርግም ለለቅሶም ወሰን ይሻገራል።

ይህ ወሰን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1907 በአዲስ አበባ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈረመው ውል የተመለከተ ነው። በኋላም በ1970 ኢትዮጵያና ነጻይቱ ኬንያ ስለ ወሰናቸው ሌላ ውል ተፈራርመዋል። በ1907ቱ ውል ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ውሉን የጻፉት ሰዎች መስመሩን ብቻ አስምረው አልተዉም፤ በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በወዲያ ማዶ ባለው ግጦሽ ሊጠቀሙ፣ ወደ ውሃ ጕድጓዶችም ያለ ከልካይ ሊደርሱ እንዲችሉ ፈቅደዋል። ከዚህም የምንረዳው፣ በዚያን ዘመን ወሰን ያሰመሩት መንግሥታት እንኳ በዚህ አገር ሰው የሚኖረው በእግሩ መሆኑን፣ መሄጃ የተከለከለ ዕለትም ኑሮው የሚያከትም መሆኑን ተገንዝበው እንደ ነበር ነው። ይህን ነገር አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ቀጥሎ የምንናገረው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከናይሮቢ የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ክፍል ነው። ዛሬ በአስፋልት የተነጠፈ ነው፤ የመጨረሻው ክፍሉ ያለቀው በ2016 እና በ2017 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ግን መንገደኛው ከብት በጫነ የጭነት መኪና ላይ፣ ከላይ ባለው ብረት ተንጠልጥሎ፣ አቧራ እየጠጣ ሁለትና ሦስት ቀን ይጓዝ ነበር። ሽፍታ ስለሚያሠጋም መኪናዎቹ በወታደር ታጅበው ተሰባስበው የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። በእንግሊዞች ዘመን አገሩ «የሰሜን ጠረፍ ወረዳ» ተብሎ፣ ያለ ፈቃድ የማይገባበትና የማይወጣበት ሆኖ ስለ ኖረ፣ የአካባቢው ሰዎች ወደ ደቡብ በሚሄዱበት ጊዜ «ወደ ኬንያ መሄዴ ነው» ይሉ እንደ ነበር በሰፊው ይነገራል። በገዛ አገሩ ውስጥ ሆኖ ወደ ገዛ አገሩ እንደሚሄድ እንግዳ የሚናገር ሰው የተሰማው ቅርታ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት አያስቸግርም።

በዚሁ አስፋልት ላይ ሾፌራችን ቱርቢን አልፎ፣ ዲዳ ገልገሉ ወደሚባለው ሜዳ አስገባን። ጥቍር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ተዘርቶበታል። ዛፍ የለም፤ ጥላ የለም። ከሩቅ ውሃ የሚመስል ብልጭታ ይታያል፤ ሲቀርቡት ግን ይሸሻል። እንዲህ ባለው ሥፍራ ብዙ ከተጓዝን በኋላ በድንገት ከፊታችን ደመና የለበሰ ተራራ ቆመ።

በምድረ በዳ መካከል ያለ ደን

ይህ የማርሳቢት ተራራ ነው። የቀድሞ እሳተ ገሞራ ሲሆን ከፍታው 1,700 ሜትር ያህል ይደርሳል። ከበረሃው የሚነሣው ሞቃት አየር ሌሊት ወደ ተራራው ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ ጉሙም ጧት ጧት በዛፎቹ ላይ ያርፋል። የዛፍ ሽበት ከቅርንጫፍ ወደ ታች ተንዠርግጓል፤ ውሃው ከቅጠል ቅጠል ይንጠባጠባል። ትናንት በጥቍሩ ድንጋይ ላይ የተቃጠለው ሰው ዛሬ ጧት ካፖርት ይፈልጋል።

በደኑ ውስጥ የእሳተ ገሞራው አፍ የነበሩ ጎድጓዳ ሥፍራዎች አሉ፤ በአገሩ ቋንቋ «ጎፍ» ይባላሉ። ከመካከላቸው አንደኛው ውሃ የሚቋጥር ስለ ሆነ እንግዶች «የገነት ሐይቅ» ብለውታል። ማርቲንና ኦሳ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በ1920ዎቹ ዓመታት በዚህ ሐይቅ ዳር ቤት ሠርተው የዱር አራዊትን ፊልም ሲያነሡ ኖረዋል። አሕመድ የሚባለውም ዝሆን የኖረው በዚሁ ደን ነው። ጥርሶቹ እጅግ ረዣዥም ስለ ነበሩ አዳኝ እንዳይገድለው ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በ1970 በልዩ ትእዛዝ ጥበቃ ሰጥተውት ነበር። በ1974 በእርጅና ሞተ፤ አምሳያው ዛሬም በናይሮቢ ቤተ መዘክር ግቢ ይታያል።

ተራራው ግን ለእንግዳ ትርኢት ሆኖ የተቀመጠ አይደለም። በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ የውሃ እናት ነው። በግርጌው የሚገኙት ጥልቅ ጕድጓዶች «የሚዘፍኑ ጕድጓዶች» ተብለው ታውቀዋል። ጐበዛዝቱ በጕድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ ውሃ የሞላውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያወጣሉ፤ እጃቸውም እንዳይዛነፍ በዜማ ይመራሉ። የቦረናን ምድር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ «ቱላ» የሚባሉትን የእኛን ጕድጓዶች ወዲያው ያስታውሳል፤ ሥራውም ዜማውም አንድ ወገን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው አባባላችን በዚህ በዓይን ይታያል።

በቦረና ዘንድ ጕድጓድ ያለ አለቃ አይተውም። ለያንዳንዱ ጕድጓድ «አባ ኤላ» የሚባል ባለቤት፣ እንዲሁም የማጠጫውን ተራ የሚቈጥር «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሰው አለው። የማን መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ፣ ከብትና ግመል በምን ያህል ቀን እንደሚመለሱ፣ እንግዳ ቢመጣ በየትኛው ተራ እንደሚገባ የታወቀ ነው። ወረቀት የለም፤ ማኅተም የለም፤ ሕግ ግን አለ። እኛ «ባዶ» ያልነው ምድር እንዲህ ያለ ሕግ የተዘረጋበት መሆኑን ስንሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈርን።

በጨዉ ሜዳ ላይ

ከተራራው ወደ ሰሜን ምዕራብ ወርደን ቻልቢ ወደሚባለው ምድረ በዳ ገባን። ቻልቢ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ ሲደርቅ ወለሉ ቀረ። ዛሬ ነጭ ጨው የለበሰ ልሙጥ ሜዳ ነው። በበጋ መኪና እንደ ልቡ ይሮጥበታል፤ ብርቱ ዝናብ የጣለ እንደ ሆነ ግን የቀድሞ ጠባዩን አስታውሶ ውሃ ይተኛበታል፤ በዚያን ጊዜ የገባ መኪና አይወጣም።

በሜዳው ዳርና ዳር ማይኮና፣ ካላቻና ኖርዝ ሆር የሚባሉ መንደሮች አሉ። ምንጭ ስለሚፈልቅ ዘንባባ በቅሎ ይታያል። ውሃው ጨው ጨው ይላል፤ ግመሎቹ ግን ይወዱታል። ይህ የገብራ ሕዝብ አገር ነው። ወደ ደቡብ ደግሞ ሬንዲሌዎች ይኖራሉ። ሁለቱም ኑሯቸውን በግመል ላይ የመሠረቱ ናቸው።

የገብራ ቤት ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ቤቱ የሴቲቱ ነው፤ የምትሠራውም የምታፈርሰውም እርስዋ ናት። የታጠፉ እንጨቶች፣ ከቃጫ የተሠራ ምንጣፍና ቆዳ ናቸው። ጕዞ በሚሆንበት ጧት ሴቶቹ ቤቱን ፈትተው በግመል ይጭኑታል፤ ማታ በሌላ ሥፍራ መልሰው ይተክሉታል። ሕፃንና አቅመ ደካማም በግመሉ ላይ ይቀመጣሉ። ከሥር ጭረት የተጎነጎነውን የወተት ዕቃ በጢስ አጥነው ስለሚይዙት ወተቱ ሳይበላሽ ይቆያል። የከተማ እመቤቶቻችን ቤት ለመለወጥ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲጨነቁ ለምናይ ለእኛ፣ ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር።

በካላቻ ዛፍ ጥላ ሥር ከአንድ አዛውንት ጋር ተቀመጥን። ሾፌራችን አስተርጓሚ ሆነን። ይህን ያህል ሰፊ አገር ይዘው ስለምን ጥቂት ሰዎች ብቻ እንደ ሆኑ በትሕትና ጠየቅናቸው። አዛውንቱ ፈገግ ብለው የመለሱልን ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ አገሩ ሰፊ የሆነው ለሰው ብዛት ሳይሆን ለዝናብ ነው። ዝናቡ ዘንድሮ በዚህ፣ ከርሞ በዚያ ይጥላል፤ የት እንደሚጥል ማንም አያውቅም። ስለዚህ ጥቂት ሰው ብዙ አገር ያስፈልገዋል፤ ዛሬ ማንም የማይታይበት ሣር ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጎተራ ነው። እህሉን ሁሉ በአንድ ቀን የሚበላ ገበሬ እንደሌለ ሁሉ፣ ሣሩን ሁሉ በአንድ ወቅት የሚያስግጥ ባለ ግመል የለም።

ይህን በሰማን ጊዜ በካርታው ላይ ያየነው ነጭ ሥፍራ ትርጕሙ ተለወጠብን። ባዶ መስሎን የነበረው መሬት ለካ ጎተራ ኖሯል!

ሰው ጥቂት፣ ኀዘን ብዙ

ነገር ግን ጎተራ ባለበት ጠብም አለ። ዝናብ በጠፋ ዓመት መንጋዎች ወደ አንድ ጕድጓድ ሲሰበሰቡ፣ ጠመንጃም አብሮ ሲመጣ፣ የአባቶች ሥርዓት ይደፈራል። በሐምሌ 2005 በቱርቢ መንደር ላይ በተጣለው አደጋ ከሃምሳ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ውስጥ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ የነበሩ ሕፃናት ይገኙ ነበር። በሚያዝያ 2006 ደግሞ የጎሣዎቹን ጠብ ለማብረድ የምክር ቤት አባሎችንና ሹማምንትን ይዞ ይመጣ የነበረው አውሮፕላን በማርሳቢት ተራራ ላይ ወድቆ 14 ሰዎች አለቁ። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቦናያ ጎዳና ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ። የሚጣሉት ወገኖች እንደራሴዎች ስለ ሰላም አብረው ተጉዘው፣ ስለ ሰላም አብረው ሞቱ።

የዚህን አገር ሰው ድርቅና ጥይት እኩል ያሠጉታል። ሁለቱም የሚገድሉት በአንድ መንገድ ነው፤ መሄጃ በመዝጋት።

የጄድ ባሕርና የነፋሱ ደጅ

ከቻልቢ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጉዘን፣ የኩላልን ተራራ በስተ ጐን ትተን ሎያንጋላኒ ደረስን። ከፊታችን የቱርካና ሐይቅ አረንጓዴ ሆኖ ተዘረጋ፤ ስለዚህም ቀለሙ «የጄድ ባሕር» ተብሏል፤ ጄድ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ነው። በምድረ በዳ ውስጥ ካሉ የማይደርቁ ሐይቆች በዓለም ትልቁ ይህ ነው። በ1888 የሀንጋሪው መስፍን ቴሌኪ ከደቡብ መጥቶ በደረሰበት ጊዜ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም «ሩዶልፍ» ብሎት ነበር፤ ዛሬ የሚጠራበት ስም የወጣለት በ1975 ነው። በሐይቁ ዳር የኖረው ሕዝብ ግን ቴሌኪ ከመምጣቱ በፊትም ያውቀው ነበር፤ ኤል ሞሎ የሚባሉት፣ በቍጥር እጅግ ጥቂት የሆኑት ዓሣ አጥማጆች ዛሬም በዚያው ይኖራሉ።

ወደ ሰሜን በዚያው ዳርቻ ኩቢ ፎራ የሚባለው ሥፍራ አለ። በ1972 የሪቻርድ ሊኪ ባልደረባ የሆነው በርናርድ ንጌኔዮ 1470 በሚል ቍጥር የታወቀውን የራስ ቅል ስባሪ ያገኘው በዚያ ነው፤ ዕድሜው 1.9 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። እንግዲህ ሰው የማይኖርበት የተባለው ምድር የሰው ዘር ጥንታዊ መኖሪያ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ሐይቁ ከውሃው አብዛኛውን የሚያገኘው ከእኛው ከኦሞ ወንዝ ነው። በ2015 ግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ መሙላት በጀመረ ጊዜ ሐይቁ ይጐድላል የሚል ሥጋት ተነሥቶ ነበር፤ በ2018ም በሐይቁ ያሉት ብሔራዊ ፓርኮች በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገቡ። ከዚያ በኋላ ግን ብርቱ ዝናብ ዘንቦ ሐይቁ ሞላ፤ በ2020 ገደማ የዳርቻ መንደሮችን አጥለቀለቀ። በሚጐድልበትም በሚሞላበትም ጊዜ የሁለቱ አገሮች ዕድል በአንድ ውሃ የታሰረ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በሎያንጋላኒ ሌሊት ነፋሱ እንቅልፍ አይሰጥም። በኩላልና በኒሮ ተራሮች መካከል እንደ በር ሆኖ በተከፈተው ሥፍራ ዓመት ሙሉ ይነፍሳል። በዚህ ነፋስ ለመጠቀም 365 ተርባይኖች ተተክለው፣ በሐምሌ 2019 ተመርቀዋል፤ ኃይላቸው 310 ሜጋዋት ነው። ኤሌክትሪኩ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መስመር ከናይሮቢ አጠገብ ወዳለችው ሱስዋ ይሄዳል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በዚሁ ካውንቲ የሚያልፈው ሌላው ታላቅ መስመርም በ2022 የኢትዮጵያን ኃይል ወደዚያችው ሱስዋ ማድረስ ጀምሯል።

ሥራው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ከፍተኛ ኃይል የሚሸከም ሽቦ በጐጆ ላይ ስላለፈ ብቻ ጐጆዪቱን አያበራም፤ ኃይሉን የሚቀንስ ጣቢያና ሌላ ሽቦ ያስፈልጋል። በመስመሩ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ይህን በምሬት ሲናገሩ ብንሰማ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረታችን ትዝ አለን። ለሥራው የተመደበው መሬት 150 ሺህ ኤከር ሲሆን፣ በ2021 በሜሩ ያስቻለው ፍርድ ቤት መሬቱ የተሰጠው የሕጉ ሥርዓት ሳይጠበቅ ነው ሲል ፈርዷል። ነገሩን አዛውንቱ ከነገሩን ጋር ስናስተያየው ምሥጢሩ ይገባናል። መሬቱን የሰጡት ሰዎች በዚያን ዕለት ሲመለከቱ ምናልባት አንድም ሰው አላዩ ይሆናል፤ ሰው ያልታየበት መሬት ግን ጌታ የሌለው መሬት አይደለም።

የክፉ ቀን ስንቅ

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ከሸፉ። በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ድርቅ አልታየም ነበር። በኬንያ ደረቅ አውራጃዎች ከሁለት ሚሊዮን በላይ ከብት አለቀ፤ በእኛም ቦረና የደረሰው ጥፋት አይረሳም። በመንገዳችን ላይ ያየነው ነጭ አጥንት የዚያ ዘመን ምስክር ነው።

አንድ ተስፋ ግን ከዚሁ ከማርሳቢት ወጥቷል። መቀመጫው በናይሮቢ የሆነው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ከባልደረቦቹ ጋር በ2010 የከብት መድን በዚህ ጀመረ። ሳተላይት የምድሩን ልምላሜ ከሰማይ ይለካል፤ ልምላሜው ከተወሰነው መጠን በታች የወረደ እንደ ሆነ መድን የገባው አርብቶ አደር ገንዘብ ይከፈለዋል። ከብቱ ሞቶ አጥንቱን ማሳየት አያስፈልገውም። በ2012 ይኸው ሥራ ወደ እኛው ወደ ቦረና ተሻግሯል። ክፍያው ለሁሉም የሚበቃ አይደለም፤ መድን ያልገባም ብዙ ነው።

የአገሬው ሰው ግን ከሳተላይት በፊትም መድን ነበረው። ገብራው የወተት ግመል ለሌለው ዘመዱ ያበድራል፤ ተበዳሪው ወተቷን ይጠጣል። ስለዚህ የአንድ ሰው ግመሎች በብዙ ሰው መንጋ ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ፤ በሽታ ወይም ዘራፊ አንዱን መንጋ ቢያጠፋ ሌላው ይተርፋል። በቦረናም ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሣው ላምና ጊደር አዋጥቶ እንደ ገና የሚያቋቁምበት «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል ሥርዓት አለ። ሰው የሰው መድኃኒት መሆኑን እዚያ የሚያስተምር ሰባኪ አያስፈልግም።

ወደ ሞያሌ ስንመለስ በመንገዱ ዳር አንድ የገብራ ጕዞ አገኘን። ወደ ሃያ የሚሆኑ ግመሎች ቤት፣ ሕፃናትና የውሃ ጀሪካን ተጭነው በተራ ይሄዱ ነበር። ከፊት የምትመራው ሴት ናት። መኪናችንን አቁመን እስኪያልፉ ጠበቅን። በዚያ አገር እንግዳው እኛ እንጂ እነርሱ አልነበሩምና፤ መንገድ መልቀቅም የእንግዳ ተገቢ ሥራ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ እንግዲህ ካርታ በምታዩበት ጊዜ ነጭ ሥፍራ ብታገኙ «እዚህ ማንም የለም» ለማለት እንዳትቸኵሉ። ምናልባት ባለቤቶቹ ዝናቡን ተከትለው ሄደው ይሆናል፤ ይመለሳሉ። በተመለሱ ጊዜ መንገዳቸውን ክፍት፣ ጕድጓዳቸውን ንጹሕ፣ ሣራቸውንም ለክፉ ቀን እንደ ተውት ሊያገኙት ይገባል።